ደሴ ላይ ፈረሱ ይቀንሳል፣ ኪሎው ግን አይቀንስም

(ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ደሴ ላይ ለመኪና አፍቃሪ ወጣቶች፣ ለሾፌሮችና ለጋራዥ ሠራተኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከተቀዳው ድምፅ ስገለብጠው ድግግሞሹን ቀንሻለሁ፤ የአፍ ወጉን ግን አልነካሁትም። ዓመቶቹን የጠራሁት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

እንደምን ዋላችሁ። ቡናው ገና ቶና ላይ ነው፤ በረካው ሳይደርስ እጨርሳለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባም። የመኪና ነገር ከተነሳ አፌ ፍሬን የለውም፤ የቤት ሰዎቼ ያውቁታል።

ሁለት ወር ቢሆነው ነው። ኮምቦልቻ ወዳለው ጋራዤ አንድ ልጅ ዲኤክሱን፣ ያቺን የድሮ ቶዮታ ኮሮላ፣ ይዞ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ እዚሁ ከኋላ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል። ዲኤክሷ የታጠበች፣ የተወለወለች፣ ቸርኬዋ የሚያብረቀርቅ፣ ኋላዋ በስፒከር የታጨቀ ናት። ሰላምታውን እንኳ ሳያስጨርሰኝ «ጋሼ፣ ስንት ፈረስ ልጨምርባት?» አለኝ፤ የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ማለቱ ነው። ሞተር ሊቀይር ነው። አዲስ አበባ ሰው አነጋግሯል፣ ከአጎቱ ገንዘብ ሊበደር ነው፣ ቪዲዮ ሲያይ እያደረ ዓይኑ ቀልቷል። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ የራሳቸውን መኪና ይዘው፣ ከፍለው የውድድር መም ውስጥ ሲነዱ አይቷል። እሱም አንድ ቀን እንደዚያ መንዳት ነው የሚያልመው። ሕልሙን አልነቅፍም፤ በዚያ በሽታ እኔም ታምሜ አውቃለሁ።

«ፈረሱን ቆይ፤ ስንት ኪሎ ናት?» አልኩት።

«ማን?»

«ዲኤክሷ።»

«እኔ እንጃ። ቀላል ናት።»

ጋራዤ አጠገብ እህል የሚያስገቡበት አንድ መጋዘን አለ፤ የከባድ መኪና ሚዛን አለው። ጥበቃው ወዳጄ ስለሆነ «ግቡ» አለን። ሚዛኑ ለአይሱዙ የተሠራ ስለሆነ የሚቆጥረው በ20 በ20 ኪሎ ነው፤ ለእኛ ግን በቂ ነበር። ልጁ ወረደ፣ ዲኤክሷ ብቻዋን ቆመች። ቁጥሩ 1080 ላይ ቆመ። ያቺ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ 900 ኪሎ ገደማ ነበረች። ልጁ ሚዛኑ የተበላሸ ነው አለ። ጥበቃው ተቆጣ።

ኋላውን ከፈትን። ሁለት የስፒከር ሳጥን ከነማጉያው። ከስኮርታ ጎማው ላይ ሌላ ስኮርታ። የአጎቱ የሥራ ዕቃ የሞላበት የብረት ሳጥን። ከሁሉ በታች ደግሞ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ያውም እርጥበት ገብቶት ድንጋይ የሆነ! «ይኼ ምንድን ነው?» ብለው፣ «ክረምት ላይ ኋላዋ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ አስገብቼው ረሳሁት» አለኝ። ከፊት ደግሞ የውሃ ቱቦ የሚያህል ብረት በፓራውልቷ ላይ አስበይዷል። ያን ሁሉ አወረድን፣ ብረቱንም ቆርጠን ጣልን፣ መልሰን መዘንናት። 960። የቀረው 60 ኪሎ ነዳጁ ነው፣ ከባዱ ቸርኬ ነው፣ በ40 ዓመት ውስጥ በየጋራዡ የተለጠፈባት ስቱኮም ነው። ስቱኮውን እኔ ራሴ ለጥፌ ሊሆን ይችላል፤ አልማልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚህ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ያለነው 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ጋር ሲወዳደር ሩብ ያህል ይጎድላል። ሞተር ደግሞ ነዳጅ ብቻ አይበላም፣ አየር ይበላል። አየር የሚያምቅለት ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል እየጣለ ነው የሚወጣው። የዲኤክስ 1.3 ሊትር ሞተር አዲስ እያለ 60 ፈረስ ገደማ ነበረው እንበል። ደሴ ሲደርስ 45 ቢቀረው ነው። 15ቱ ፈረስ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ከፊሉ ባቲ፣ ከፊሉ ኮምቦልቻ፣ የቀረው ሐረጎ ዳገት ላይ። ኪሎው ግን አንድም አልቀረም! 1080 ኪሎ አሰብ ወደብ ላይም 1080 ነው፣ ደሴ ፒያሳም 1080 ነው። ከፍታ ከሞተሩ ይወስዳል እንጂ ከሸክሙ አይወስድም።

ስለዚህ ጀርመን ቆላ ውስጥ ተቀምጦ «ፈረስ ጨምር» የሚልህ ሰው ምክሩ ለእሱ ይሠራ ይሆናል። እዚህ ለምትገዛው እያንዳንዱ 100 ፈረስ የምትረከበው 75 ነው። የምታወርደው ኪሎ ግን ሙሉውን ያንተ ነው። የልጁን ሒሳብ እንሥራ። 45 ፈረስ 1080 ኪሎ ይጎትት ነበር፤ አሁን ያው 45 ፈረስ 960 ይጎትታል። ዳገት ላይ ለሚሰማህ ነገር፣ 1080 ኪሎውን እንደያዝክ ከ50 ፈረስ በላይ ብታደርገው ማለት ነው። ከ5 ፈረስ የማያንስ ጉልበት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ የብረት መጋዝ። የአጎቱ ብርም አጎቱ ኪስ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው። የመኪና ክብደት ሲባል አንድ ቁጥር አይደለም። አንዳንዱ አምራች ዘይትም፣ ውሃም፣ ነዳጅም የሌለበትን ደረቅ ክብደት ይጽፋል፤ እንደዚያ ሆና የምትነዳ መኪና የለችም። የጀርመኖቹ የድሮ መለኪያ ፈሳሹ ሁሉ ተሞልቶ፣ ነዳጁ 90 በመቶ ሆኖ፣ ሾፌር ሳይኖር ነው። የአውሮፓ ኅብረቱ መለኪያ በዚያ ላይ 75 ኪሎ ለሾፌሩና ለሻንጣው ይጨምራል። እንግዲህ አንዷ መኪና በሁለት ወረቀት ላይ 75 ኪሎ ተለያይታ ትገኛለች፤ ሁለት ልጆች ደግሞ በዚያ ይጣላሉ። አብሽሩ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ቤንዚን በሊትር ሩብ ጎደሎ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 60 ሊትር ስትሞሉ 45 ኪሎ ጫናችሁ። ውድድር የገባ ሰው ነዳጅ ሞልቶ የማይገባው ለዚህ ነው።

ስለ ፈጣኖቹ መኪኖች ልንገራችሁ፤ በኪሎ ሳይሆን በኩንታል፣ ለጆሮ ይቀላል። ቢኤምደብሊው በ1985 ያወጣው የመጀመሪያው ኤም5 14 ኩንታል ከትንሽ ነበር፤ ሞተሩ 286 ፈረስ። በ2024 የወጣው ኤም5 ከ24 ኩንታል በላይ ነው፤ ጉልበቱ 727 ፈረስ። በመሃል 10 ኩንታል ጤፍ ተጭኗል። አንድ ገበሬ ቤተሰቡን ከርሞ የሚመግብበት ጤፍ፣ አንድ መኪና ላይ! የተጫነው በሞኝነት አይደለም። ለግጭት የተጠናከረ አካል አለ፣ ኤርባግ አለ፣ ባትሪና ኤሌክትሪክ ሞተር አለ። መኪናው ሲከብድ ሰፊ ጎማ ያስፈልገዋል፣ ሰፊ ጎማ ሲመጣ ትልቅ ቸርኬ፣ ከዚያ ትልቅ ፍሬን፣ ያ ሁሉ እንደገና ያከብደዋል፣ ከዚያ ሌላ ጉልበት ይፈልጋል። ዕዳ ለመክፈል እንደሚበደር ሰው ነው። ፎርሙላ 1 እንኳ አላመለጠም። በ2008 መኪናው ከነሾፌሩ ማነስ የማይፈቀድለት 605 ኪሎ ነበር፤ በ2025 800 ደረሰ። በ2026 ወደ 768 የወረደው ነገሩ ስለበዛ ነው።

አዲሱ ኤም5 ከአሮጌው ይዘገያል ማለቴ አይደለም። አይዘገይም፤ ጥሎት ይሄዳል። ጎማው፣ ኤሌክትሮኒክሱ፣ ጉልበቱ ክብደቱን ይሸፍኑለታል። ሽፋኑን የሚከፍለው ግን ማነው? ፋብሪካው አይደለም። ጎማውንና የፍሬን ሸራውን በራሱ ደመወዝ የሚገዛው አማተር ነው።

ወደ ጎማ ልግባ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «መኪና ሲከብድ መንገዱን ይበልጥ ይይዛል» ይላሉ። ግማሽ እውነት ነው። እዚህ ሰኞ ገበያ የምታዩዋትን አህያ አስቡ። ግማሽ ኩንታል ስትጭኗት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አንድ ኩንታል ስትጭኗት ትሄዳለች፣ ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። ሸክሙ እጥፍ ሲሆን የእርሷ አቅም እጥፍ አልሆነም። ጎማም እንደዚያው ነው። የሚጫነው ክብደት እጥፍ ሲሆን መንገዱን የሚይዝበት ኃይል ይጨምራል፣ ነገር ግን እጥፍ አይደርስም። ኩርባ ላይ መኪናውን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ግን ከክብደቱ ጋር እኩል ነው የሚያድገው፤ ክብደት እጥፍ፣ ግፊት እጥፍ። በሁለቱ መካከል ያለው ጉድለት ነው ከባዱን መኪና ኩርባ ላይ የሚያስለቅቀው። ቀጥታው ላይ 700 ፈረስ ይሸፍነዋል፤ ኩርባው ላይ የሚሸፍን ፈረስ የለም።

አሁን ሐረጎን እንውረድ። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁልቁለቱ 600 ሜትር ገደማ ያወርዳል። አንድ ቶን የሚመዝን ነገር 600 ሜትር ሲወርድ የያዘው ጉልበት የትም አይጠፋም፣ ሙቀት ይሆናል። ምን ያህል ሙቀት? ቁጭ ብዬ ሠራሁት። 20 ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ መቶ አይጠብቅም፤ ይኼ የሒሳቡ ምርቃት ነው። አንድ ቶን፣ አንድ ጀሪካን። የልጁ ዲኤክስ አንድ ጀሪካን ታፈላለች። ከነጭነቱ አሥር ቶን ሆኖ የሚወርድ መኪና አሥር ጀሪካን። ይህ ሙቀት በሞተርና በነፋስ ካልተያዘ፣ መዳፍ በምታህለው የፍሬን ሸራና በዲስኩ ላይ ነው የሚያርፈው።

የውድድር መም ላይስ? ከ160 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገህ ፍሬን ስትይዝ፣ አንድ ቶን መኪና ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ያወጣል። በአንድ ዙር ስምንት እንዲህ ያለ ኩርባ አለ እንበል። አንድ ጀሪካን ሞላ። አሥር ዙር ብትነዳ አሥር ጀሪካን። አማተሮች የሚነዱት በየተራ ነው፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ተራ 20 ደቂቃ ገደማ። በ20 ደቂቃ ውስጥ ሐረጎን ከላይ እስከ ታች አሥር ጊዜ መውረድ ማለት ነው፣ ለዚያውም ማርሽ ሳያግዝህ። ባለ 24 ኩንታሉ ደግሞ 24 ጀሪካን። ይህን ቁጥር ከሠራሁ በኋላ ነው ጀርመን የደረሰብኝ ነገር በደንብ የገባኝ።

ጀርመን አገር 11 ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ። ኑርቡርክሪንግ የሚባል ቦታ አለ፤ በ1927 የተከፈተ፣ የሰሜኑ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር፣ ጫካ ለጫካ የሚጠማዘዝ መም። ማንም መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከፍሎ በራሱ መኪና ይገባል። ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ያለው ልዩነት 300 ሜትር ገደማ ነው፤ የእኛ ሐረጎ እጥፉ ነው፣ ይህን ለጀርመኖቹ ስነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር። እኔ የገባሁት 17 ኩንታል በሚመዝን የቤተሰብ መኪና ነው። ለገበያ የሚሆን መኪና። ጉልበት አለው፣ ናፍጣ ነው፣ ቱርቦ አለው፤ ምን ይጎድለኛል ብዬ።

የመጀመሪያው ዙር ድንቅ ነበር። ሁለተኛው ላይ፣ ቬርዛይፈን የሚባለው ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ሆነብኝ። ታውቁታላችሁ ያንን ነገር፣ ሐረጎ ላይ ያየው ሁሉ ያውቀዋል። ሆዴ ባዶ ሆነ። ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ማርሽ አወረድኩ፣ ሞተሩ ጮኸ። የማታው ዱአ አዳነኝ ወይስ የመሬቱ አቀማመጥ አላውቅም፤ ብራይድሻይድ የሚባለው ታችኛው ድልድይ ጋ ስደርስ መንገዱ ተገልብጦ ዳገት ሆነ፣ ዳገቱ ያዘኝ። በዚያች ቅጽበት ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ በ1990ዎቹ የተሠራች ትንሽ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ይዞ መጣ፤ አንድ ቶን ገደማ፣ ጉልበቷ 115 ፈረስ። በግራ አልፎኝ ሄደ፤ እዚያ ማለፍ በግራ ብቻ ነው። እጁን እንኳ አውለበለበልኝ።

ጥፋቱ የመኪናው አልነበረም፣ የእኔ ነው። የፍሬን ዘይቱን ሦስት ዓመት አልቀየርኩትም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 3 ደግሞ 205 እና 140 ነው። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፣ ስለዚህ ፔዳሉ ወለል ይነካል። እኔ መካኒክ ነኝ፣ የሌሎች ሰዎችን ስቀይር እውል ነበር! የሸማኔ ልብስ የሚሉት ይኼ ነው። መኪናው 10 ኩንታል ቢሆን ኖሮ ያ አሮጌ ዘይት ምናልባት ያወጣኝ ነበር። 17 ኩንታል ግን ይቅር የሚል ነገር የለውም።

ከመም ሲወጣ አንድ ዙር ፍሬን ሳይነካ በዝግታ ይነዳል፣ ዲስኩ እንዲበርድ። ሲያቆሙም የእጅ ፍሬን አይያዝም፤ የጋለ ዲስክ ላይ ሸራው እንደተጣበቀ ከቆየ ያበላሸዋል። ይህ ኮምቦልቻ ስትደርሱም ይሠራል።

ወደ ዲኤክሳችን ስመለስ፣ ልጁ አሁን ማቅለል ጣመው። በማግስቱ መጥቶ «ጋሼ፣ የኋላ ወንበሩን ላውጣ?» አለ። አውጣ። «የበሩን ሽፋን?» አውጣ። «ቀበቶውን?» ቆይ! «በሩ ውስጥ ያለውን ብረት?» ኧረ ቆይ! እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ነገርኩት። ኮሊን ቻፕማን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ ሎተስን የመሠረተ። በማቅለል እንደ እሱ የተጠመደ ሰው የለም። ከሞተ በኋላ እንኳ ኩባንያው በ1996 ኢሊስ የምትባል መኪና አወጣ፣ 7 ኩንታል ከሩብ ገደማ። የአሉሚኒየም ሻንሲዋ ብቻውን 68 ኪሎ ነው፤ ሁለት ሰው ተጋግዞ ያነሣዋል። ግን የሎተስ ታሪክ ሌላ ገጽም አለው። በ1970 የፎርሙላ 1 ተወዳዳሪው ዮኸን ሪንት በሎተስ 72 መኪና ጣሊያን አገር ሞንዛ ላይ ልምምድ ሲያደርግ ሞተ። የፊት ፍሬኑን የሚያገናኘው ዘንግ እንደተሰበረ ይታመናል። በዚያው ዓመት ነጥቡን የሚደርስበት ጠፍቶ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ፤ ሞቶ ሻምፒዮን የሆነ እሱ ብቻ ነው። ሸክም ከሚሸከም ነገር ላይ ኪሎ አይቀነስም። ሲሚንቶው ሸክም ነው፣ ቀበቶው ግን ተሸካሚ ነው። ልጁ ገባው፤ ቀበቶው በቦታው ቀረ።

ቸርኬው ላይ ግን ተጣላን። ያ የሚያብረቀርቅ ባለ 17 ኢንቹ። ከሌላው ኪሎ የቸርኬ ኪሎ የከፋ ነው፤ ወደ ፊት መሄድ ብቻ ሳይሆን መሽከርከርም አለበት። ጎማው ጠርዝ ላይ ያለ አንድ ኪሎ መኪናው ሲነሣ ሁለት ኪሎ ያህል ሆኖ ይሰማል። ከሱስታ በታች ስላለም ጉድጓድ ላይ ጎማው ተወርውሮ መሬት ይለቃል። የድሮው 13 ኢንች ይሻል ነበር። «ጋሼ፣ ፒያሳ ላይ ማን ያየኛል ታዲያ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቸርኬው እስካሁን እዚያው ነው።

ስለ አቀማመጥ ለማወቅ ግን ጀርመን መሄድ አያስፈልግም፤ ሰኞ ባቲ ገበያ መሄድ ይበቃል። ግመል ጫኝ አፋሩን እዩት። ግራና ቀኙን ሳያመዛዝን ግመሏን አያስነሣም፤ ከባዱን ወደ ታችና ወደ ወገቧ ያስጠጋል፣ ቀላሉን ከላይ። አንድ አሞሌ ወደ አንድ ጎን ቢበልጥ ያወርዳል። እኛ ደግሞ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ በግ፣ ፍራሽና የብረት አልጋ ጭነን ሐረጎን እንወርዳለን። ዲኤክስን ያህል ቀላል መኪና እንኳ ኋላዋ ውስጥ፣ ከጎማው ወዲያ፣ 100 ኪሎ ከጫናችሁባት ኩርባ ላይ ጭራዋ ይወዛወዛል። ሲሚንቶውን ለመያዣ ያስገባው ልጅ ያገኘው ይኼንን ነበር። በነገራችን ላይ ጃፓን ተራራ ላይ ዝነኛ የሆነችው ኮሮላ ኤኢ86 ሥሯ ከዲኤክሱ ትውልድ የተወረሰ ነው፣ በኋላ ጎማ የምትገፋ፣ ከአንድ ቶን በታች። ዘመዳችሁን እቤታችሁ አስቀምጣችሁ በስልክ የምታዩት ነው የሚመስለኝ።

ስለ ኤሌክትሪኮቹ ስትጠይቁኝ እንደነበር አውቃለሁ። ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ ሐረጎ ላይ የምናያቸው በዝተዋል። ለእነሱ ከፍታው ግድ የለውም፤ አየር ስለማይበሉ ደሴ ላይም ጉልበታቸው ሙሉ ነው። ይህን እመሰክራለሁ። ግን ከባድ ናቸው፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የቮልስዋገኑ አይዲ4 2 ቶን ገደማ ነው። ሁለት ጀሪካን። ሲወርዱ ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየሠራ ሙቀት የሚሆነውን ጉልበት ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ይኼ ትልቅ ጥበብ ነው። አንድ ወዳጄ ግን ማታ ደሴ ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ፣ ጠዋት ኮምቦልቻ ሲወርድ «መኪናዬ አልይዝ አለኝ» ብሎ ደወለልኝ። የሞላ እንስራ ውሃ አይጨመርበትም። ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰው ጉልበት መግቢያ የለውም፣ ሥራው ሁሉ ወደ ተራው ፍሬን ይሄዳል። ደሴ የምታድሩ፣ 90 ላይ አቁሙት፤ ከቀሪው የተወሰነውን ሐረጎ ይሞላላችኋል።

ሐረጎን ስጠራ የውድድር መም ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ኑርቡርክሪንግ ላይ ከፊት የሚመጣ አይሱዙ የለም፣ ከብት የሚነዳ ልጅ የለም። ወሎ ውስጥ መም የለንም፣ አውቃለሁ፣ ያናድዳል። እስከዚያ ሚዛን አለን።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

(ከጥያቄዎቹ አንዱን ብቻ እጽፋለሁ። ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት ከፊት ረድፍ ተነሡ። በወጣትነታቸው ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይዘው ከአሰብ በባቲ በኩል ይመላለሱ ነበር።)

«ልጄ፣ እኔ ጭነቴን ይዤ 14 ቶን እወርድ ነበር። ፍሬኔ አንድ ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም። አለቃዬ 'በወጣህበት ማርሽ ውረድ' ይለኝ ነበር፣ እሱን ነው የያዝኩት። በአንተ ሒሳብ የእኔ ስንት ነው?»

«አባባ፣ የእርስዎ 14 ጀሪካን ነው፣ በአንድ ጉዞ። ፍሬንዎ ያልጋለው ግን ማርሽ ስለያዙ ነው፤ ያን ውሃ ያፈላው ሞተሩ ነው።»

«14 ጀሪካን?»

«አዎ አባባ።»

ቆመው በጣታቸው ቆጠሩ። ስንት ጊዜ በዓመት፣ ስንት ዓመት። ቆጠራውን ተዉትና ወደ ጀበናው ዞር አሉ።

«ያን ሁሉ ዘመን ያን ሁሉ ውሃ ሳፈላ» አሉ፣ «አንድ ስኒ ቡና እንኳ ሳልቀምስበት!»

በረካው የተቀዳው ያን ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ለእሳቸው።